ከንግድ ቤት ወደ ምክር ቤት፦ በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ድምፅ እንዴት ይሰበሰባል?

የፌዴራል ብሔራዊ ምክር ቤት የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ዜጎች በድምፃቸው የሚሳተፉበት የፌዴራል ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሥራ የጀመረው ይህ ምክር ቤት 40 አባላት ያሉት ሲሆን፣ ከመቀመጫዎቹ 8ቱ የዱባይ፣ 6ቱ የሻርጃ፣ 4ቱ የአጅማን ናቸው። የአባላቱን ግማሽ የየኤምሬቱ ገዥዎች ይሾማሉ። የተቀሩት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ስማቸው በኤምሬታቸው የመራጮች ዝርዝር ውስጥ በሰፈረ ዜጎች ይመረጣሉ።

በሀገሪቱ የፖለቲካ ፓርቲ የለም፤ በመሆኑም እጩዎችን አስቀድሞ የሚያጣራ የፓርቲ ምርጫም አይካሄድም። እጩው የሚቀርበው በግል ስሙ ነው። በንግድ ሥራው የታወቀ ሰው ወደዚህ ፉክክር ሲገባ ደንበኞቹና የሥራ ሸሪኮቹ ቀድሞውኑ ስለሚያውቁት፣ ስንቁ ያተረፈው መታመን ነው።

ነጋዴዎች በሕዝብ ጉዳይ መሳተፋቸው አዲስ አይደለም። በዱባይ እ.ኤ.አ. በ1938 ታዋቂ ነጋዴዎች የተሳተፉበት ምክር ቤት ተቋቁሞ ለጥቂት ወራት ሠርቷል። በቅርቡ ዘመንም የባንክ ባለሙያውና የንግድ ሰው አብዱልአዚዝ አል ጉራይር እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 የፌዴራል ብሔራዊ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበሩ።

የቅስቀሳው ዋና መድረክ መጅሊስ፣ ማለትም እንግዳ የሚስተናገድበት የቤት አዳራሽ ነው። እጩው በራሱ ወይም በዘመዶቹ መጅሊስ መራጮችን ይቀበላል፤ የሌሎችንም ይጎበኛል። ቡና እየተቀዳ የሥራ ዕድል፣ የመኖሪያ ቤት፣ የትምህርትና የጤና ጉዳይ ይነሳል። የመንገድ ዳር ማስታወቂያና ማኅበራዊ ሚዲያም ያግዛሉ።

ይህ ፊት ለፊት የመገናኘት ልማድ የሚሠራው የመራጩ ቁጥር ውስን ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በመራጮች ዝርዝር ላይ በዱባይ 60,772፣ በሻርጃ 64,293፣ በአጅማን ደግሞ 10,165 ሰዎች ነበሩ። በምርጫ የሚያዙት መቀመጫዎች በቅደም ተከተል 4፣ 3 እና 2 ናቸው። ስለዚህ በአንድ መቀመጫ በአጅማን 5 ሺህ፣ በዱባይ 15 ሺህ፣ በሻርጃ ከ21 ሺህ በላይ መራጭ ይደርሳል። በአጅማን መራጮችን ቤት ለቤት ማዳረስ ከሻርጃ ይልቅ የሚቀል መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ባለሀብት እጩ በገንዘቡ ብቻ ሌሎችን እንዳይበልጥ ሕጉ ገደብ አኑሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 ለአንድ እጩ ቅስቀሳ የተፈቀደው ከፍተኛ ወጪ 2 ሚሊዮን ድርሃም ነበር። መራጩም አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ዘመድ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ የሆኑ እጩዎች በአንድ ዝርዝር ሲቀርቡለት ከመካከላቸው አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

አሸናፊው በምክር ቤቱ የፌዴራል ረቂቅ ሕጎችን ይመረምራል፣ ለሚኒስትሮችም ጥያቄ ያቀርባል። የምክር ቤቱ ድርሻ በዋናነት ምክር መስጠት በመሆኑ፣ አባሉ በመጅሊስ የሰማውን ጉዳይ ወደ ምክር ቤቱ ሊያደርስ ቢችልም ውሳኔውን ብቻውን አይሰጥም። ሕገ መንግሥቱም አባሉ የኤምሬቱን መራጮች ብቻ ሳይሆን የመላውን ኅብረት ሕዝብ እንደሚወክል ይደነግጋል።