ጠዋት ስፖርት ከመሥራትዎ በፊት ምን ይብሉ?

ድሬዳዋ ውስጥ በተለይ በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ከበረታች በኋላ መሮጥ ቀርቶ መራመድም ይከብዳል። ስለዚህ ብዙዎች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተው ይወጣሉ። በባዶ ሆድ መውጣት ይቻላል ወይ? መልሱ እንደ ሰዉ ጤንነት ይለያያል።

ጤነኛ ከሆኑና ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ የእግር ጉዞ ወይም ቀላል ሩጫ የሚያደርጉ ከሆነ፣ ማታ እራት እስከበሉ ድረስ ምንም ሳይቀምሱ ቢወጡ ችግር የለውም። በጡንቻዎ ውስጥ የተከማቸው ስኳር ለዚያ ይበቃል። ይልቅ ውሃ አይርሱ፤ እንደተነሡ አንድ ወይም ሁለት ብርጭቆ ይጠጡ። ሆጃ ወይም ቡና የለመደ ሰው አንድ ሲኒ ቢጠጣ አይከፋም፣ ውሃውን ግን አይተካም።

ጫት ቅመው እራት ሳይበሉ ካደሩ ነገሩ ሌላ ነው። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። በማግስቱ ጠዋት ከባድ ስፖርት ባይሠሩ ይሻላል።

ስፖርቱ ጠንካራ ወይም ረጅም ከሆነ ከመውጣትዎ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀደም ብለው ቀለል ያለ ነገር ይብሉ፦ አንድ ሙዝ፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ቴምር፣ ቁራጭ ዳቦ ወይም በውሃ የተበጠበጠ በሶ። ፈጢራ በእንቁላልና ፉል ሲመለሱ ይደርሳሉ፤ ቅባት የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ ስለማይወጣ ሲሮጡ ያቅለሸልሻል። በጾም ወቅት ስፖርቱን ከምግብ በኋላ ወዳለው ምሽት፣ በረመዳንም ከኢፍጧር በኋላ ማዞር ይቻላል።

በጣም መጠንቀቅ ያለባቸው ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጡ የስኳር ታማሚዎች ናቸው። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ እምብዛም አይወርድበትም። ማታ የተወጉት ደመናማ መልክ ያለው ኢንሱሊን ግን ጎሕ ሲቀድም እየሠራ ነው፤ በዚያ ላይ ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ከደም ስኳር ይስባል። ከሁሉ የከፋው የጠዋቱን መርፌ ተወግቶ ወይም ክኒኑን ውጦ፣ «ቁርሱን ስመለስ እበላለሁ» ብሎ መውጣት ነው። መድኃኒቱና ቁርሱ አይለያዩ፤ ሁለቱም ሲመለሱ ይሁኑ። መጠኑን ግን በራስዎ አይቀንሱ፣ ሐኪምዎን ያማክሩ። ሊሮጡ ሲሉ ጭን ላይም አይወጉ፣ መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ደም ይገባል።

መለኪያ ካለዎት ከመውጣትዎ በፊት ይለኩ። ከ90 በታች ከሆነ አንድ ሙዝ ወይም ዳቦ በልተው ይውጡ፤ ከ70 በታች ከሆነ መጀመሪያ ስኳሩን ያስተካክሉ፣ ያን ጠዋት ስፖርቱ ይቅር። ከ250 በላይ ሆኖ ማቅለሽለሽ ወይም ድካም ካለ ስፖርቱን ትተው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ ወይም ስኳር ይያዙ፤ ብቻዎን አይሂዱ። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረኃብ ወይም የዓይን ብዥታ ከተሰማዎ ላቡን በሙቀቱ አያሳብቡ። ወዲያው ቆመው ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻልዎት ይድገሙ፣ ሲሻልዎትም ምግብ ይብሉ። ስኳር ከሰዓታት በኋላም ሊወርድ ስለሚችል በዕለቱ ምሳ አይዝለሉ።

ለቤተሰብ፦ ታማሚው ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይስጡት። በጎኑ አስተኝተው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።