ስም ያለው ውሻው ብቻ ነው

ስለ ልጅና ስለ ውሻ የተጻፉ የልጆች ልብ ወለዶች ሞልተዋል፤ አብዛኞቹም የጠፋው ውሻ ሲገኝ ያበቃሉ። አሜሪካዊው ዊልያም አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው «ሳውንደር» ከነዚህ ጋር ተደርድሮ ስናየው ቅር ይለናል። እኛ ያነበብነው እንደ ታሪክ መጽሐፍ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች የሚኖር አንድ ጥቁር የእኩል አራሽ፣ በብርዱ ወራት አደኑ እምቢ ሲለውና ልጆቹ ሲራቡበት የአሳማ ሥጋ ሰርቆ ይመጣል። ነጮቹ የሕግ ሰዎች ደርሰው ከቤቱ ያስሩታል። ውሻው ሳውንደር ጋሪውን ተከትሎ ሲሮጥ በጥይት ይመቱታል። ከብዙ ቀን በኋላ አንድ ዓይኑንና አንድ ጆሮውን አጥቶ፣ እያነከሰ ይመለሳል፤ ግን አይጮህም። ስሙ እንኳ የወጣለት ሸለቆውን ከሚሞላው ድምፁ ነበር። ልጁ በበኩሉ እናቱ የጋገረችውን ኬክ ይዞ እስር ቤት ሲሄድ፣ ዘበኛው መጋዝ ተደብቆበት እንደሆነ ብሎ ኬኩን ይፈረካክሰዋል። ከዚያ በኋላ ልጁ አባቱን ፍለጋ ከአንዱ የእስረኞች ሠፈር ወደ ሌላው ሲንከራተት ዓመታት ያልፋሉ።

ታዲያ ለአንድ ሙዳ ሥጋ ይህ ሁሉ ቅጣት? ደራሲው አጋነነ የሚል አንባቢ አይጠፋም። አላጋነነም። እ.ኤ.አ. በ1865 ባርነትን የሻረው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አንዲት ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ በወንጀል የተፈረደበትን ሰው በግድ ማሠራት ይቻላል ይላል። ባለ እርሻዎቹ ቀዳዳዋን ለማየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። የሚሲሲፒ ምክር ቤት በ1876 ያወጣው፣ ሰዉ «የአሳማ ሕግ» ያለው ድንጋጌ፣ አሳማ ወይም ከብት መስረቅን እስከ አምስት ዓመት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል አደረገው። በ1874 በዚያ ክፍለ ግዛት 272 የነበሩት እስረኞች በ1877 መጨረሻ 1,072 ሆኑ። እስረኛው ደግሞ ቁጭ ብሎ አይበላም፤ ለባቡር ሐዲድ ሠሪ፣ ለጥጥ እርሻ፣ ለከሰል ማዕድን ይከራያል። ባሪያ የገዛ ሰው ገንዘቡ እንዳይጠፋበት ሲል ባሪያውን ያበላ ነበር፤ እስረኛ የተከራየ ግን አንዱ ቢሞት ሌላ ይሰጠዋል። አላባማ ይህን ኪራይ ያቆመችው በ1928 ነው። እስረኛን በሰንሰለት አስሮ መንገድ ማሠራቱማ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል።

መጽሐፉ ስለነዚህ ሕጎች አንድም ቃል አይናገርም፤ ዓመቱንና ክፍለ ግዛቱንም አይጠቅስም። ልጁ የሚያውቀውን ብቻ እናውቃለን፤ ልጁ ደግሞ ምንም የነገረው የለም። ጥንካሬውም ይህ ይመስለናል።

አንድ ነገር ግን ያከራክራል። አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ አንዳቸውም ስም የላቸውም፤ ስም ያለው ውሻው ብቻ ነው። መጽሐፉ በ1970 የኒውቤሪን ሽልማት ሲያገኝ፣ ነጭ ደራሲ ጥቁሮቹን ሰውነት ነፈጋቸው ብለው የተቆጡ ተቺዎች ተነሡ። አርምስትሮንግ ታሪኩን በልጅነቱ ከአንድ ጥቁር መምህር እንደሰማው ጽፏል። ስም አለመኖሩ ታሪኩን የብዙ ቤት ታሪክ ያደርገዋል የሚሉም አሉ። እኛ ወደ ተቺዎቹ እናደላለን፤ ብዙ ቤትን ለመወከል ስም ማጣት ግድ አይደለምና፤ ደግሞስ ለምን ውሻውም አብሮ ስም አላጣም? በ1972 የወጣው ፊልም ይህን ያስተዋለ ይመስላል። ጥቁሩ ጸሐፊ ሎኒ ኤልደር ለሰዎቹ ስም ሰጣቸው፤ ጊዜውን 1933፣ ቦታውን ሉዊዚያና አደረገው።

ይሁን እንጂ ፊልሙ አባትየውን በሕይወት አቆይቶታል። በመጽሐፉ ሰውየው የሚመለሰው ፈንጂ ያፈረሰው ድንጋይ ግማሽ ጎኑን ሰባብሮት ነው። ሳውንደር ከሩቅ አይቶት ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ይጮሃል። አባትየው ከውሻው ጋር አደን በወጣበት ጫካ ውስጥ ይሞታል፤ ብዙም ሳይቆይ ውሻው ይከተለዋል። ልጁ በዚያን ጊዜ፣ አባቱን ሲፈልግ ካገኘው መምህር ዘንድ ማንበብ ተምሯል።