ከሂሳብ ላይ የሚቀነሱ የአገልግሎት ክፍያዎችን ስለመረዳት

ገንዘብ ሲያስተላልፉ፣ ከኤቲኤም ሲያወጡ ወይም በሞባይል ስልክ ክፍያ ሲፈጽሙ ከሂሳብዎ የሚቀነሰው ገንዘብ ካዘዙት መጠን ከፍ ሊል ይችላል። ልዩነቱ በዋናነት ተቋሙ የሚጠይቀው የአገልግሎት ክፍያና በዚሁ ክፍያ ላይ የሚታሰበው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው።

በርካታ ተገልጋዮች ታክሱ በሚላከው ገንዘብ ላይ የሚሰላ ይመስላቸዋል። የሚሰላው ግን በአገልግሎት ክፍያው ላይ ብቻ ነው። ለማሳያ ያህል፣ አንድ ሰው 2,000 ብር ልኮ የአገልግሎት ክፍያው 10 ብር ቢሆን፣ ታክሱ 1 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል፤ የተላከው ገንዘብ፣ የአገልግሎት ክፍያውና ታክሱም በድምሩ 2,011 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናሉ። ታክሱ በ2,000 ብሩ ላይ ቢታሰብ ኖሮ 300 ብር በደረሰ ነበር። በደረሰኙ ላይ የተላከው ገንዘብ፣ የአገልግሎት ክፍያውና ታክሱ ለየብቻ ስለሚጻፉ ስሌቱን በቀላሉ ማረጋገጥ ይቻላል።

የክፍያው መጠን ከተቋም ተቋም ይለያያል። በአንድ ባንክ ውስጥ የሚደረግ ዝውውርና ወደ ሌላ ባንክ የሚደረግ ዝውውር እኩል ላያስከፍሉ ይችላሉ። የአንዱን ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ኤቲኤም መጠቀም የሚቻለው ባንኮችን በሚያስተሳስረው በኢትስዊች አማካይነት ሲሆን፣ ለዚህም የራሱ ክፍያ አለው። ክፍያው በገንዘቡ መጠን እርከን የተተመነ ከሆነ፣ ለቤተሰብ የሚላክን ገንዘብ ከፋፍሎ መላክ በየጊዜው ስለሚያስከፍል በድምሩ ሊወደድ ይችላል። ሳንቲም ነው ተብሎ የሚታለፈው ክፍያ በወር ሲደመር ዝቅተኛ ገቢ ላለው ተገልጋይ ቀላል አይደለም።

እንደ ቴሌብር ባሉ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ጥሬ ገንዘብ በወኪል በኩል ሲወጣ ክፍያ ይቆረጣል፤ ይህም በመልዕክቱ ላይ ይታያል። ከዚህ ውጭ ወኪሉ በእጅ እንዲሰጡት የሚጠይቀው ተጨማሪ ገንዘብ ካለ፣ ከመስጠትዎ በፊት ለአገልግሎት ሰጪው ደውለው ይጠይቁ።

ተገልጋዮች የአገልግሎት ታሪፉን አስቀድሞ የማወቅ መብት አላቸው። ያልታዘዘ ክፍያ ከተቆረጠ፣ ወይም ኤቲኤሙ ገንዘቡን ሳይሰጥ ከሂሳብ ከቀነሰ፣ የግብይቱን መለያ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት የያዘውን ደረሰኝ ወይም አጭር መልዕክት ሳያጠፉ፣ በቅድሚያ ካርዱን ለሰጠው ባንክ ወይም ለአገልግሎት ሰጪው ተቋም አቤቱታ ያቅርቡ፤ ያቀረቡበትንም ማስረጃ ይያዙ። በተሰጠው ምላሽ ካልረኩ ጉዳዩን ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ማቅረብ ይችላሉ። አቤቱታዎን ሲያቀርቡ የሚስጥር ቁጥርዎን የሚጠይቅ ማንኛውም ሰው ቢያጋጥምዎ አይስጡ።