የተመለሱ መጻሕፍት፣ የቀሩ ቃላት፦ ስለ አራዳ አንባቢዎች ታሪክ



የኢትዮጵያን የመጽሐፍ ታሪክ ስናስተምር የምንቆጥረው ምንድን ነው? በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» እንጠቅሳለን። በ1914 ዓ.ም. ስለተቋቋመው ማተሚያ ቤትና በ1917 ዓ.ም. ስለወጣው የብርሃንና ሰላም ጋዜጣ እንናገራለን። ከዚያ ወደ ደራስያኑ የሕይወት ታሪክ እንሻገራለን። እኔም ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የአታሚና የደራሲ ታሪክ ነው። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ወጥቶ አንባቢው እጅ ከገባ በኋላ ምን እንደሆነ፣ አንባቢውንም ምን እንዳደረገው የሚነግረን ማኅደር የለንም። አታሚ ሒሳብ ይይዛል፤ ሳንሱር ማኅተም ይመታል፤ አንባቢ ግን አንብቦ ሲጨርስ ደረሰኝ አይቆርጥም።

ዛሬ የማነሣው ሐሳብ አንድ ነው። ባደግሁበት በአራዳ መጽሐፍ ለአብዛኛው አንባቢ የግል ንብረት አልነበረም። ይከራዩታል፣ ይዋሱታል፣ ሌላ ሰው ሲያነበው ያደምጡታል፤ በመጨረሻም ይመልሱታል። እጅ ላይ የሚቀር ነገር ስላልነበረ አንባቢው የሚያስቀረው ቃሉን ነበር። የዚያን ዘመን አንባቢ ሕይወት የቀረጸውም በመደርደሪያ የተደረደረ መጽሐፍ ሳይሆን ይህ ተሸክሞት የሄደው ቃል ይመስለኛል።

ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። አራዳ በምኒልክ ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተቆረቆረ ገበያ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ገበያው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ሲዛወር ለአራዳ «ፒያሳ» የሚለው ስም ተረፈው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ወጣ፤ ቃሉ ቀረ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ሌላ የጣሊያን ቃል በሌላ መንገድ ወደዚሁ ሰፈር መምጣቱን በኋላ አነሣለሁ።

በልጅነቴ ፒያሳ ለአንባቢ ሁለት መልክ ነበራት። አንደኛው የጃኖፖሎስ መጻሕፍት ቤት መስታወት ነው፤ እኛ ልጆቹ ከውጭ ሆነን የምናየው። ሁለተኛው በየጥጋጥጉ ያለው አከራይ ነው። አከራዩ ማስያዣ ይቀበላል፤ ገንዘብ ያነሰው የትምህርት ቤት መታወቂያውን ያስይዛል። ሒሳቡ በቀን ስለሆነ ሁለት መቶ ገጽ በአንድ ሌሊት መጨረስ የድህነታችን ያስተማረን ጥበብ ነበር። የብዙዎቹ መጻሕፍት የመጨረሻ ቅጠሎች ተገንጥለው ስለነበር የእኔ ትውልድ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳያውቅ የቀረባቸው የወንጀል ልብ ወለዶች ጥቂት አይደሉም። (ሳቅ) በግቢያችን ደግሞ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ጥጥ እየፈተሉ፣ እኛ ከትምህርት ቤት የመጣነው ጮክ ብለን እናነብላቸው ነበር። «እስቲ ያችን ድገማት» ሲሉ፣ የትኛው ቃል እንደሚቀር የሚመርጡት እነሱ ነበሩ።

ለዚህ ከሁሉ የጎላው ምሳሌ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም.፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ስምንት ዓመት ሲቀረው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው በኋላ ግን ከአንባቢው ይልቅ የአድማጩ ሆነ። በማስተምርባቸው ዓመታት ሰብለወንጌል የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ስማቸው ከዚያ ትረካ እንደመጣ ነግረውኛል፤ የአንደኛዋ እናት መጽሐፉን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የጉዱ ካሳ ነገር ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ «ጉዱ» የሚለው ቅጽል የሰፈሩ ሰው ሥርዓቱን የሚተቸውን ካሳን እንደ እብድ ለመቁጠር ያወጣለት መናቂያ ነው። በአራዳ አፍ ግን ቃሉ ተገለበጠ። ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ማንም የማይለውን የሚል ሰው «ይሄ ጉዱ ካሳ» ሲባል ግማሹ ስድብ፣ ግማሹ አድናቆት ነው። ይህን ግልበጣ አንባቢና አድማጭ ራሳቸው ሠሩት። የትኛውም የሥነ ጽሑፍ ታሪክ መጽሐፋችን ግን ይህን እንደ ታሪካዊ ድርጊት መዝግቦት አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ።

በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» አሳተመ። በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን፣ ከዚያም በፊት የአዲስ ዘመንን ጨምሮ የጋዜጦች አዘጋጅ የነበረ፣ በ1962 ዓ.ም. በ«ከአድማስ ባሻገር» የታወቀ ደራሲ ነው። «ኦሮማይ» ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም የቀይ ኮከብን ዘመቻ ተከትሎ አስመራ ሲሄድ፣ ፊያሜታን ሲያፈቅር፣ ጦርነቱንም ከውስጥ ሲያይ የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ።

ርእሱ «ኦርማይ» ከሚለው የጣሊያን ቃል የመጣ ነው። በጣሊያንኛ «አሁንማ» ወይም «ከእንግዲህማ» ለማለት ይቀርባል፤ በአስመራ አንደበት ደግሞ «ያለቀለት ነገር» የሚል ምሬት አዝሏል። «ፒያሳ»ን ያመጣው ወታደር ነው፤ «ኦሮማይ»ን ያመጣው ደራሲ። መጽሐፉ ሲሰበሰብ ቃሉን መሰብሰብ አልተቻለም። በዳቦ ሰልፍ ላይ፣ በኳስ ሜዳ፣ በፈተና ውጤት ሰሌዳ ፊት «ኦሮማይ!» ሲባል እሰማ ነበር። ካድሬ እየሰማ ሊባል የሚችል፣ ማንንም የማያስከስስ፣ ግን የሚናገረውም የሚሰማውም ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ቃል ነበር። ቃሉን ያለ መጽሐፉ የወረሱ ብዙዎች ናቸው። ስለ ንባብ ነፃነት ስንጽፍ ስለታገዱ መጻሕፍት እንጂ እገዳውን አልፈው ስለሄዱ ቃላት የማንጽፈው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

እኔ መጽሐፉን ያነበብኩት በ1977 ዓ.ም.፣ በ16 ዓመቴ ነው። መጽሐፍ ልበለው እንጂ በታይፕ የተገለበጠ፣ ካርቦኑ የደበዘዘ፣ በጋዜጣ የተሸፈነ የወረቀት ክምር ነበር። የሰጠኝ የሰፈራችን ታላቅ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው ነው። «ነገ ከመንጋቱ በፊት ትመልሳለህ፤ ከየት አገኘኸው ቢሉህ እኔን አታውቀኝም» አለኝ። በሻማ አነበብኩት፤ ጎህ ሲቀድም መለስኩት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አብራኝ ወጣች። በትዝታዬ የምትናገረው ጋዜጠኛው ነው፦ ሰው ያየውን ካልመዘገበ፣ ያላየው እንደሚመዘግብለት። ታሪክ ለማጥናት ስወስን ለአባቴ ምክንያት አድርጌ የነገርኩት ይህችን ነው። የዶክትሬት ጽሑፌን ለማቋረጥ በተቃረብኩበት ክረምትም ጠረጴዛዬ ላይ ጽፌ የለጠፍኳት እሷን ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ መጽሐፉ እንደገና ሲታተም ገዛሁና ዓረፍተ ነገሯን ፈለግኋት። የለችም። ደግሜ በእርሳስ እያሰመርኩ፣ ገጽ በገጽ አነበብኩ። የለችም። የሚቀርባትም አላገኘሁም። ለአንድ የታሪክ ባለሙያ ይህ እንዴት ያለ ኃፍረት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ለዓመታት በክፍል ውስጥ «በዓሉ እንዳለው» እያልኩ ስጠቅስ ኖሬአለሁ። በዚያ ዘመን የተማራችሁ በመካከላችሁ ካላችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህ ገጠመኝ ግን የምርምሬን አቅጣጫ ለወጠው። ከዚያ በኋላ የድሮ የአራዳ አንባቢዎችን ስጠይቅ «ምን አነበባችሁ?» ማለት ተውኩ። ይህ ጥያቄ ሰውን ያሳፍራል ወይም ያስመካል፤ መልሱም ትልልቅ ርእሶች የተደረደሩበት ዝርዝር ነው። «ምን ቀረላችሁ?» ስል ግን ሌላ ነገር ይመጣል። አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ከተለያዩ መጻሕፍት የቀዷቸው አባባሎች የሞሉበትን ባለ 50 ቅጠል ደብተር አውጥተው አሳይተውኛል፤ የአንዱም ምንጭ አልተጻፈም። ጥቂቶቹን ከታተመው ጋር ሳመሳክር ሁሉም ማለት ይቻላል በአንድ ወይም በሁለት ቃል ተለውጠዋል፤ አልፎ አልፎም፣ በሹክሹክታ ልበለውና፣ ከደራሲው የተሻሉ ነበሩ። እንዲህ ያሉ ደብተሮች በየቤቱ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ብዙ ክፍል ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተበተነ። ዕቃ ሲጫን አልጋና ቡፌ ይቀድማል፤ የተቀደደ ደብተር የሚጫንበት ምክንያት የለም። ዛሬ ደብተሮቹን ለመፈለግ ከጊዮርጊስ አደባባይ ሳይሆን ከታክሲ መጨረሻ ፌርማታዎች መጀመር አለብን፤ ከናንተ መካከል የመመረቂያ ርእስ ያላገኘ ካለ ቢሮዬ ክፍት ነው።

«ኦሮማይ» በ2017 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። ትርጉሙ የወጣ ሰሞን የአማርኛውን ቅጂ ይዤ ያን የሰፈራችንን ታላቅ ልጠይቀው ሄድኩ፤ ዛሬ የሚኖረው ከከተማው ጫፍ በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። «ጋሼ፣ ያችን ዓረፍተ ነገር መጽሐፉ ውስጥ አጣኋት» አልኩት። ቃል በቃል ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«ያ ወረቀት አንተ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በስንት እጅ አልፏል መሰለህ?» አለኝ። «ጠርዙ ላይ የማይጽፍበት ሰው አልነበረም። አንዱ ደራሲውን ይሞግታል፤ አንዱ ይጨምራል። ታይፕ የሚመታው ልጅ ደግሞ ሲያባዛው አንዳንዱን ከዋናው ጋር ይቀላቅለው ነበር።»

«ማን ጻፋት ታዲያ?»

«እኔ እንጃ፤ አንድ የሰፈር ሰው ነዋ!»

ወረቀቱን ምን እንዳደረገው ጠየቅሁት። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት፣ ወታደሩ ከተማ ሲገባ፣ ቤት ይፈተሻል ብሎ ስለፈራ አቃጥሎታል።