ሞት የተፈረደበት ጥላ

በሕይወቴ መጀመሪያ ያስፈራኝን ፊልም አላየሁትም፤ ሰማሁት እንጂ። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር የ1980ዎቹ መግቢያ ነው። በሰፈራችን አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ ወለሉ አፈር፣ መቀመጫው አግዳሚ እንጨት የሆነ ጠባብ ክፍል። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነው። ሃምሳ ሳንቲም ደግሞ ለእኛ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ከመካከላችን አንድ ልጅ ብቻ ለቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ውሃ እየቀዳ በነፃ ይገባ ነበር። ማታ ማታ ከመብራት እንጨት ሥር ሰብስቦን ያየውን ይተርክልናል።

የድራኩላን ፊልም የተረከልን ሌሊት ከነጠረኑ ትዝ ይለኛል። የአባቱን ካፖርት በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጥቷል። ደም መጣጩ ከሬሳ ሣጥኑ ሲነሣ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የሴትዮዋ መስኮት ሲከፈት ጭራሽ ዝም አለ። እኛ ስንለምነው፣ ስንቆጣው፣ እሱ ሩቅ ሩቅ ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ ሐኪሙ በረዥሙ ጠረጴዛ ላይ ሮጦ፣ ዘሎ መጋረጃውን ቀደደው። የንጋት ፀሐይ ገባች። ሐኪሙ ሁለት መቅረዞች አመሳቅሎ መስቀል ሠራ። ደም መጣጩ ከእግሩ ጀምሮ አመድ ሆነ፤ ቀለበቱ ብቻ ቀረ። «ከዚያ» አለ ተራኪያችን፣ «አመዱ ላይ ጠበል ረጨበት።» ያን ሌሊት ብቻዬን ወደ ጓሮ የወጣሁ እንዳይመስላችሁ።

የአዲስ አበባ ሰው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርታት የተከፈተውን የከተማውን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። ብዙዎች ይህን ስም የኋላቀርነት ምስክር አድርገው ሲሥቁበት እሰማለሁ። እኔ ግን በአገራችን የመጀመሪያው የፊልም ሂስ ይመስለኛል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ሬሳ ሲራመድ አይቶ ከዚህ የተሻለ ስም የሚያወጣ ሰው ካለ ይንገረኝ። ስሙን ያወጣው ሰው ደግሞ ያየውን ለጎረቤቱ ማውራቱ አይቀርም፤ ጎረቤቱም «እስቲ ልየው» ማለቱ አይቀርም። አስፈሪ ነገር የፈራው ሰው ካላወራው አይጠገብም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ያን ፊልም በዓይኔ አየሁት። እ.ኤ.አ. በ1958 የእንግሊዙ ሃመር ኩባንያ የሠራው፣ ቴረንስ ፊሸር ያዘጋጀው፣ ክሪስቶፈር ሊ ድራኩላን፣ ፒተር ኩሺንግ ሐኪሙን ሆነው የተጫወቱበት ነው። ጠረጴዛው አለ፤ መጋረጃው አለ፤ ሁለቱ መቅረዞች አሉ፤ ቀለበቱም አለ። ጠበሉ የለም። የተጭበረበርኩ ያህል ተሰማኝ፤ ያጭበረበረኝ ግን ፊልሙ እንጂ ልጁ አልመሰለኝም።

ነገሩ ያኔ ባበቃ ነበር፤ ብራም ስቶከር በ1897 ያሳተመውን የድራኩላን ልቦለድ ባላነብ ኖሮ። በልቦለዱ ውስጥ ድራኩላን ፀሐይ አትገድለውም። ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ በጠራራ ፀሐይ በለንደን ጎዳና ይዘዋወራል። የሚሞተውም ጀምበር ልትጠልቅ ስትል በሁለት ሰዎች ስለት ነው። ታዲያ ልጁ ከመብራት እንጨት ሥር የነገረን፣ ዛሬ የትም አገር ያለ ሕፃን የሚያውቀው ያ በንጋት ብርሃን መሞት ከየት መጣ? መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት እንዲቃጠል የተፈረደበት አንድ ፊልም ነው።

በ1921 በርሊን ውስጥ ፕራና ፊልም የሚባል ትንሽ ኩባንያ ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ አልቢን ግራው ሠዓሊና የምሥጢራዊ ትምህርቶች ተከታይ ነበር። ግራው የፊልሙን ሐሳብ ያገኘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአንድ የሰርቢያ ገበሬ አፍ መሆኑን ጽፏል፤ ገበሬው የሞተ አባቱ ደም መጣጭ ሆኖ እንደተነሣ አጫውቶት ነበር። ነገሩ ለማስታወቂያ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ደስ ይለኛል፤ እዚያም አንድ ሰው በጨለማ ለሌላው ሲያወራ ነው የሚጀምረው።

የኩባንያው የመጀመሪያም የመጨረሻም ፊልም «ኖስፌራቱ፤ የሽብር ሲምፎኒ» ሆነ። አዘጋጁ ፍሬድሪክ ቪልሄልም ሙርናው፣ ጸሐፊው ሄንሪክ ጋሌን፣ ደም መጣጩን የተጫወተው ማክስ ሽሬክ ነው። (ሽሬክ በጀርመንኛ ድንጋጤ ማለት ነው፤ የተውሶ ስም ሳይሆን የገዛ ስሙ ነበር።) ድራኩላ ኦርሎክ ተባለ፤ ለንደን በአንዲት የጀርመን የወደብ ከተማ ተተካች። ኦርሎክ ራሰ በራ፣ ጆሮው የሾለ፣ ጥርሱ እንደ አይጥ ከፊት የወጣ ፍጡር ነው። በመርከብ ሲመጣ አይጦችና ቸነፈር አብረውት ይገባሉ። በደረጃው ላይ የሚወጣው ጥላ፣ የሴቲቱን ልብ የሚጨብጠው የእጅ ጥላ፣ እነዚህን ያየ ሰው ሁሉ ይዟቸው ይኖራል። ከጦርነቱና ከኅዳር በሽታ ማግሥት ሬሳ ማየት የለመደ ሕዝብ ነበር ይህን የተመለከተው። በፍጻሜውም ሴቲቱ ራሷን መሥዋዕት አድርጋ ዶሮ እስኪጮህ ድረስ ታቆየዋለች፤ ብርሃን በመስኮት ይገባና ኦርሎክ ተንኖ ይጠፋል። በፊልም ዓለም ደም መጣጭን ፀሐይ የገደለችው ያን ጊዜ ነው፤ ከስቶከር ያልተወሰደ፣ የእነሱ የራሳቸው ፈጠራ።

ቀሪው ግን የስቶከር ነበር፤ ፈቃድ ደግሞ አልጠየቁም። አስገራሚው፣ ታሪኩ ከስቶከር «ድራኩላ» የተወሰደ መሆኑን በፊልሙ መግቢያ ላይ በግልጽ መጻፋቸው ነው። ሌባ በሰረቀው ቤት በር ላይ ስሙን ጽፎ ሲሄድ ማለት ነው። መጋቢት 4 ቀን 1922 በበርሊን የእንስሳት መጠበቂያ አዳራሽ ታላቅ የምረቃ ድግስ ተደረገ፤ እንግዶቹም የጥንት ልብስ ለብሰው እንዲመጡ ተጋብዘው ነበር። ከድግሱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የምረቃው ፕሮግራም በፖስታ ለንደን ደረሰ። የላከው ሰው ስሙን አልጻፈም። የተላከላቸው የስቶከር ባለቤት፣ ወይዘሮ ፍሎረንስ ስቶከር ነበሩ።

በአስፈሪ ፊልም ወዳዶች ጨዋታ ውስጥ ወይዘሮ ፍሎረንስ ሁልጊዜ ክፉዋ አሮጊት ናቸው፤ አንድ ድንቅ ሥራ ሊያቃጥሉ የተነሡ ጨለምተኛ። ይህን ፍርድ ስሰማ እቆጣለሁ። ባለቤታቸው በ1912 ሲሞት ትቶላቸው የሄደው ሀብት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከጻፋቸው መጻሕፍት ውስጥ በእርግጥ ገንዘብ የሚያስገኘው አንዱ ድራኩላ ነው። እሱን ደግሞ ሰው ሳይጠይቃቸው ወሰደው። የእንግሊዝ የደራስያን ማኅበር አባል ሆነው፣ በማኅበሩ በኩል ጠበቃ ይዘው ከሰሱ። ፕራና ፊልም ግን በዚያው ዓመት ከሰረ፤ ካሳ የሚከፍል አካል ጠፋ። ሳንቲም እንደማያገኙ ሲያውቁ ወይዘሮዋ የቀራቸውን ጠየቁ፤ ፊልሙ ይጥፋ። በ1925 የበርሊን ፍርድ ቤት ኔጋቲቩም ቅጂዎቹም እንዲወድሙ አዘዘ። ፊልሙ የተነሣው በአንድ ካሜራ ስለነበረ የነበረው አንድ ኔጋቲቭ ብቻ ነው፤ ያም ጠፍቷል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። ከዓመታት በፊት በገዛ ገንዘቤ አንዲት ትንሽ የአጫጭር ልቦለዶች መድበል አሳተምኩ። ዓመት ሳይሞላ በአንድ ጎዳና ላይ ፎቶ ኮፒዋን ተደርድራ አገኘኋት፤ ሽፋኑ ደብዝዟል፣ ሁለት ገጽ ተዘሏል። የሚሸጠውን ወጣት ማን እንደሆንኩ ስነግረው አልደነገጠም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ! ኧረ ሰው እየፈለገው ነው። ዋናው አልቋል እኮ።»

«ያላለቀ ነው፤ ቤቴ ሁለት መቶ ቅጂ ተቀምጧል» አልኩት።

«ታዲያ እቤትዎ ተቀምጦ ማን ያነበዋል?»

የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እያልኩ በልቤ እየፎከርኩ ሄድኩ። ያን ቀን ሥልጣን ቢሰጠኝ ኮፒዎቹን ሁሉ በአንድ ክብሪት አነዳቸው ነበር፤ የተዘለሉት ሁለት ገጾች ከሁሉ በላይ አቃጥለውኛልና። ስለዚህ ወይዘሮ ፍሎረንስን አውቃቸዋለሁ። እውነቱ ከእሳቸው ጋር ነበር። እኔ ደግሞ በመሸነፋቸው ደስ ብሎኛል፤ እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ለማስታረቅ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ምክንያቱም ፊልሙ አልጠፋም። ከፍርዱ በፊት ከጀርመን የወጡ ቅጂዎች ነበሩ። በፓሪስ ሱሪያሊስት ገጣሚዎች ወደዱት፤ እየተመላለሱ አዩት፤ በየጽሑፋቸው አነሡት። በለንደን በ1925 የተቋቋመው የፊልም ማኅበር ሊያሳየው ቢፈልግ ወይዘሮዋ ተቃወሙ፤ ሆኖም በ1928 መጨረሻ ለአባላቱ አሳየው። በተከታዩ ዓመት ኒው ዮርክ ላይ ታየ። የአሜሪካው ዩኒቨርሳል በሕጋዊ መንገድ መብቱን ገዝቶ በ1931 ከቤላ ሉጎሲ ጋር የራሱን ድራኩላ አወጣ፤ ወይዘሮ ፍሎረንስም በስተመጨረሻ ገንዘብ አገኙ። በ1937 አረፉ። ኦርሎክ ግን ከቅጂ ወደ ቅጂ እየተሻገረ ቀጠለ።

ከቅጂ ቅጂ ሲወለድ ያው እንደ እኔ መጽሐፍ ገጽ ይዘላል። ሙርናው የሌሊቱን ትዕይንቶች ያነሣው በቀን ነበር፤ በዚያ ዘመን እንደሚደረገው የሌሊቱ ፊልም ሰማያዊ ቀለም ስለሚነከር ተመልካቹ ጨለማ መሆኑን ይረዳል። በድብቅና በርካሽ የተባዙት ቅጂዎች ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበሩ። ለአሥርታት ያህል ሰው ያየው ኦርሎክ፣ የፀሐይ ብርሃን የሚገድለው ኦርሎክ፣ የሬሳ ሣጥኑን ተሸክሞ በጠራራ ፀሐይ የሚሄድ ነበር! ይሥቁበት ነበር ይባላል፤ ቢሥቁ አይፈረድባቸውም። በኋላ በፈረንሳይ ሲኒማቴክ ተቀምጦ የነበረ ቀለም የተነከረ የ1922 ቅጂ መሠረት ሆኖ ሊቃውንቱ ከየአገሩ ቁርጥራጭ እየለቀሙ ፊልሙን አደሱት፤ ሰማያዊው ሌሊትም ተመለሰ።

በዚህ መካከል ያሉትን ሰዎች ሳስብ ሁልጊዜ ወደ ሰፈሬ እመለሳለሁ። በ1957 በአሜሪካ 52 የቆዩ ፊልሞች፣ አብዛኞቹ አስፈሪዎች፣ በአንድ ጥቅል ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተሸጡ፤ ልጆች አባቶቻቸው የፈሩትን ፈሩ። በተከታዩ ዓመት ጄምስ ዋረንና ፎረስት አከርማን ስለ ጭራቅ ፊልሞች አንድ መጽሔት አወጡ። አንድ ጊዜ ብቻ ሊታተም የታሰበ ነበር፤ ተሸጠና ቀጠለ። ቪዲዮ ገና አልመጣም፤ አንድ ፊልም ካመለጠ አመለጠ ነው። ስለዚህ አንባቢዎቹ ብዙዎቹን ፊልሞች የሚያውቁት በፎቶግራፍና በትረካ ነበር። ኦርሎክን ከመርከቡ ጉድጓድ ቀጥ ብሎ ሲነሣ በወረቀት ላይ ያዩ፣ ቀሪውን በየራሳቸው የሞሉ ልጆች። ይበልጥ የሚያስፈራው የትኛው ነው፣ ሉጎሲ ወይስ ሊ፣ ብለው የሚሟገቱት ግማሹን ሳያዩ ነው። እኛም እንዲሁ እንሟገት ነበር፤ ያየው አንዱ ብቻ ሆኖ።

ኖስፌራቱን ቬርነር ሄርዞግ በ1979፣ ሮበርት ኤገርስ በ2024 እንደገና ሠርተውታል። ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ሁለቱም ሥራ ናቸው። እኔ የመጀመሪያው ወገን ነኝ።

ባለፈው ዓመት ያ የሰፈራችን ተራኪ ከሚኖርበት አሜሪካ ለጥቂት ሳምንታት መጥቶ ነበር። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ሳቁ ያው ነው። አንድ ማታ ቤቴ ጋብዤው የታደሰውን ኖስፌራቱን በኮምፒውተር አሳየሁት። መብራት አጠፋን። ድምፅ አልባ ፊልም ይሰለቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ ስልኩን ሳያይ ጨረሰው። ጥላው ደረጃውን ሲወጣ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ዶሮው ጮኸ፤ ብርሃኑ በመስኮት ገባ፤ ኦርሎክ እጁን ልቡ ላይ አድርጎ ተነነ። ወለሉ ላይ ጥቂት ጭስ ብቻ ታየ።

ጓደኛዬ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«ጠበሉንስ የት አደረሱት?» አለኝ።