የአዲሱ ቨርዥን ዕዳ በማን ላይ ነው?

ኦክቶበር 2014 (ሌላ ካልተባለ ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ፓሪስ ውስጥ በተደረገ ጉባኤ ላይ የጉግል መሐንዲሶች «አንጉላር» የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርክ ቀጣይ እትም አስተዋወቁ። በስክሪኑ ላይ የመቃብር ድንጋዮች ታዩ። በየድንጋዩ ላይ ከአዲሱ እትም የሚወጡት ክፍሎች ስም ተጽፎ ነበር፦ ኮንትሮለር፣ ስኮፕ፣ ሌሎችም። ለአቅራቢዎቹ ነገሩ ቀልድ ነበር። በእነዚያ ክፍሎች ለሚሠራው ፕሮግራመር ግን የተቀበረው እንጀራው ነው።

ፍሬምወርክ ምንድን ነው ለሚል አንባቢ፦ የጭቃ ቤት አሠራርን ያስብ። ቋሚውና ማገሩ ተዘጋጅቶ ይሰጥሃል፤ አንተ ግድግዳውን ትመርጋለህ፣ በርና መስኮት ታበጃለህ። ሥራው ይፈጥናል። ነገር ግን ማገሩን የሠራው ሰው አንድ ቀን መጥቶ «ያኛው አይነት ማገር ቀርቷል» ቢልህ፣ የመረግኸው ጭቃ ሁሉ ያንተ ኪሳራ ነው።

አንጉላር ላይ የሆነው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ቋሚ እትም 2012 ላይ ወጥቶ ብዙ ኩባንያዎች ሥራቸውን በእሱ ላይ ገንብተዋል። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ «ሁለተኛው እትም ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም» ተባለ። ከአሮጌው ወደ አዲሱ መሻገሪያውም በወቅቱ አልተዘጋጀም። ቁጣው ከባድ ነበር። «ይህን ለደንበኛዬ እንዴት አስረዳለሁ?» ያሉ ነበሩ፤ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ መሣሪያ የተሻገሩም ብዙ ናቸው። አዲሱ እትም በይፋ የወጣው በሴፕቴምበር 2016 ነው። ጉግል ለአሮጌው የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው ደግሞ 2021 ሲያልቅ ነው። በመሐል መሻገሪያ ተሠርቷል፣ ጊዜም ተሰጥቷል፤ አመኔታው ግን ከዚያ በፊት ተሸርሽሯል።

እዚህ ላይ ፍርድ ከመስጠት በፊት ሌላውን ወገን መስማት ተገቢ ነው። መሐንዲሶቹ አልተሳሳቱም የሚል ክርክር አለ፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው አንጉላር የተጸነሰው 2009 ላይ ነው። ያኔ የስልክ ብሮውዘር ገና ደካማ ነበር፤ የጃቫስክሪፕት ቋንቋም እንደ ዛሬው አልነበረም። መሠረቱ ያረጀ ቤት በቀለም አይድንም። ደግሞም ፕሮግራመሮች አዲስ ነገር ሲያዩ መጀመሪያ መሳለቅ ልማዳቸው ነው። ፌስቡክ ሪአክትን በሜይ 2013 ለሕዝብ ሲለቅ፣ የገጹን ቅርጽና ኮዱን አንድ ላይ መጻፉ እንደ ነውር ታይቶ ነበር። ዛሬ ያ «ነውር» የዓለም ግማሽ የሚሠራበት ልማድ ሆኗል ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም።

ታዲያ ቁጣው ሁሉ ከንቱ ነው? አይደለም። ልዩነቱን የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች አሉ።

በኦክቶበር 2018 የሪአክት ቡድን «ሁክስ» የተባለውን አዲስ አጻጻፍ አሳየ። ለውጡ ትልቅ ነበር። ነገር ግን በዚያው መድረክ «አሮጌው አጻጻፍ አይጠፋም፤ ያለውን ኮድ እንደገና ጻፉ አንልም» ተባለ። ክርክር ነበር፤ ሽሽት ግን አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት፣ ጁን 2019፣ ቪው የተባለው ፍሬምወርክ ተመሳሳይ ሐሳብ ለውይይት አቀረበ። ብዙዎች አሮጌው አጻጻፍ ሊቀር ነው ብለው ተረዱት፤ ቁጣውም ገነፈለ። የቪው ፈጣሪ ኢቫን ዩና ቡድኑ ረቂቁን አሻሽለው አዲሱ ተጨማሪ አማራጭ ብቻ እንደሚሆን አረጋገጡ። ቁጣውም በረደ። ሁለቱ ሐሳቦች በይዘት ይቀራረባሉ። ሰውን ያስቆጣው አዲሱ ነገር ራሱ አልነበረም፤ «የሠራኸው ሊፈርስ ነው» የሚለው ስጋት ነው።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የአማርኛ ኮምፒውተር የራሱን «አዲስ ቨርዥን» ግጭት ከፈረንጆቹ በፊት አይቷል።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የግዕዝን ፊደል ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት የደከሙ ሰዎች ትልቅ ችግር ነበረባቸው። የዘመኑ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ከ200 በላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ዘዴ ፈጠረ። አንዱ ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ደረደረ፤ ሌላው በሁለት ፎንት ከፋፈለ፤ ሌላው እግሩንና ቅጥያውን ለየብቻ አድርጎ ገጣጠመ። ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ብራናና ሌሎችም በዚህ መንገድ አገር አገለገሉ። ጋዜጣ ታተመ፣ ውል ተጻፈ፣ ደብዳቤ ወጣ።

ችግሩ አንዱ የሌላውን አለማወቁ ነው። ቀራንዮ ካለ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የተተየበ ማመልከቻ፣ ያ ፎንት በሌለበት መሥሪያ ቤት ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ይሆናል። ለኮምፒውተሩ የአማርኛ ጽሑፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ያየው የተሰባበረ እንግሊዝኛ ብቻ ነው።

በሴፕቴምበር 1999 ዩኒኮድ 3.0 ወጣ፤ የግዕዝ ፊደልም በውስጡ ገባ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በዓለም ላይ ባለ ማንኛውም ዩኒኮድ በሚያውቅ ኮምፒውተር ቁጥሩ 4608 ነው፤ የትኛውም አምራች አይቀይረውም። ይህ ድል ነበር። ግን የኢትዮጵያ ቢሮዎች በማግሥቱ ደስ ብሏቸው ተሻገሩ? አልተሻገሩም። ለአስር ዓመት የተተየበው ሰነድ በአሮጌው ፎንት ነው። ጸሐፊዋ ጣቷ የለመደው በአሮጌው የቁልፍ አደራደር ነው። የማተሚያ ቤቱ ፕሮግራም ዩኒኮድን አያውቅም። ዊንዶውስ ራሱ «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው በቪስታ፣ ለሕዝብ ገበያ የዋለውም በጃንዋሪ 2007 ነው። አሮጌዎቹ ፎንቶች ከዚያም በኋላ ለዓመታት ከቢሮ አልወጡም።

ያን ጊዜ «የኛ ሰው ለውጥ አይወድም» የሚል ወቀሳ የተለመደ ነበር። ወቀሳው ግን ሒሳቡን አላየም። አዲሱን ሥርዓት ያዘጋጁት ሌሎች ናቸው፤ አሮጌውን ሰነድ የመገልበጥ ዕዳ የወደቀው ጸሐፊዋ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ለዚያ ሥራ ደመወዝ አልተጨመረላትም።

ዩኒኮድ በመጨረሻ ያሸነፈው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ቃሉን መጠበቁ ነው። ሕጉ አንዴ ቁጥር የተሰጠው ፊደል አይነሣም፣ ቦታውም አይቀየርም ይላል። በ2005 ለሰባት ቤትና ለሌሎች ቋንቋዎች፣ በ2010 ለጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ፣ ባስኬቶና ጉሙዝ፣ በ2021 ደግሞ ለጉራጊኛ አጻጻፍ ተጨማሪ ፊደላት ገብተዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን «ሀ» 4608 ሆኖ ቀርቷል። በ1999 በዩኒኮድ የተጻፈ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ዛሬ ስልክ ላይ ያለ ምንም ለውጥ ይነበባል። ስንት በ2014 የተሠራ ድረ ገጽ እንዲህ ሊባልለት ይችላል?

አሁን ወደ ዛሬው ቀራንዮ እንመለስ። እዚያ ቤት ተከራይቶ ድረ ገጽ የሚሠራ ወጣት ስለ አዲስ ቨርዥን ሲያጉረመርም፣ ቅሬታው የሳን ፍራንሲስኮው ፕሮግራመር ከሚያሰማው ጋር አንድ ይመስላል። ክፍያው ግን ይለያል። ያኛው አዲሱን የሚማረው በኩባንያው ሰዓትና በኩባንያው ኢንተርኔት ነው። ይኸኛው በራሱ ፓኬጅ ያወርዳል፣ መብራት ሲጠፋ ይጠብቃል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል በተዘጋበት ጊዜ፣ አንድ ጥቅል ፋይል ማውረድ ያልቻለ ሰው ሥራው ቆሞ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ክፍት ከሆነ በኋላ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ አለፈ፤ በዶላር የሚከፈል ሰርቨርና ትምህርትም አብሮ ከእጥፍ አለፈ። ደንበኛው ግን «ድረ ገጼ ይሠራል፤ ለምን እንደገና እከፍላለሁ?» ይላል። ደንበኛውም ልክ ነው።

ስለዚህ አንድ አዲስ እትም ሲወጣ «ፈጣን ነው ወይ? ያምራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ «አሮጌውን የሚሸከመው ማን ነው? ለስንት ዓመት?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ በጽሑፍ የተቀመጠ መልስ የሌለው መሣሪያ፣ የቱንም ያህል ቢወደስ፣ በደሃ አገር የባንክ፣ የሆስፒታል ወይም የትምህርት ቤት ሥርዓት ሊጣልበት አይገባም።

መንግሥት በ2024 የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናን ጀምሯል። ሥልጠናው መልካም ነው። ነገር ግን ሠልጣኙ የዘንድሮውን ፍሬምወርክ ብቻ ሸምድዶ ከወጣ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና መሠልጠን ይኖርበታል። የጃቫስክሪፕት ቋንቋ ራሱ ከ1995 ጀምሮ አለ፤ ጥንት የተጻፈበት ገጽ ዛሬም በአብዛኛው ይከፈታል። ቋንቋውን፣ የብሮውዘሩን አሠራርና የመረጃ አያያዝን ጠንቅቆ የተማረ ሰው ማገሩ ሲቀየር ቤት ሙሉ በሙሉ አይፈርስበትም። የሥልጠና ጊዜና ገንዘብ መዋል ያለበት መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው።