እርጥበት አስወጪ የዝናብ ጃኬት፦ እጥበትና አያያዝ

ይህ ጃኬት ዝናብ የማያስገባ፣ የላብ እንፋሎት ግን የሚያስወጣ ልብስ ነው። ከዓይነቱ ዝነኛው ጎርቴክስ መነሻው አሜሪካዊው ቦብ ጎር በ1969 እ.ኤ.አ. የጋለ የቴፍሎን ዘንግ በኃይል ስቦ መዘርጋቱ ነው።

እንፋሎቱ የሚወጣው የውስጡ ሙቀትና እርጥበት ከውጭው ሲበልጥ ነው፤ ስለዚህ ሰሊጥ በሚታረምበት የመተማ ቆላ የክረምት ወበቅ ምርጡ ጃኬት እንኳ ገላን በላብ ያጠምቃል። የላብ ጨው፣ ቅባትና የዋልካ ጭቃ ደግሞ ይብሱበታል፤ ጃኬቱን የሚጎዳው መታጠቡ ሳይሆን አድፎ መክረሙ ነው።

ጭቃው ሲደርቅ ይራገፋል። ዚፑ ተዘግቶ፣ በለብታ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ታሽቶ፣ አረፋው እስኪጠፋ ይለቀለቃል። በረኪናና የልብስ ማለስለሻ አይነካውም፤ ሳይጠመዘዝ ጥላ ላይ ይሰጣል። ንጹሕ ሆኖም ጠብታ ከላዩ ካልተንከባለለ፣ በልብሱ ላይ ያለው የአያያዝ ምልክት ከፈቀደ፣ ጨርቅ አልብሶ በለዘብተኛ ካውያ ማሞቅ ይረዳል።